የማግኔት ጉልበት ለምን አያልቅም?

ጥያቄ፦ «አንዲት ትንሽ ማግኔት የማቀዝቀዣዬ በር ላይ ወረቀት ይዛ ከተጣበቀች ዐሥር ዓመት ሞላት። አንድ ቀን እንኳ ደክሟት አልወደቀችም። ባትሪ የላት፣ ነዳጅ የላት። እኔ ያንኑ ወረቀት በእጄ በሩ ላይ ተጭነህ ያዝ ብባል ግማሽ ሰዓት አልቆይም። ታዲያ ይህ ሁሉ ጉልበት ከየት ይመጣል? የማያልቅ ከሆነስ ለምን ኤሌክትሪክ አናመነጭበትም?»

ምላሽ፦

የመጀመሪያውን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ይቻላል። ማግኔቷ በዐሥሩ ዓመት ውስጥ ያወጣችው ነገር ስለሌለ የሚያልቅባት ነገር የለም። ይህን ብቻ ብዬ ባቆም ግን አያረካዎትም፤ እኔንም አያረካኝም። «ታዲያ የምትስበው በምኗ ነው?» የሚለው ዋናው ጉዳይ ሳይነካ ይቀራልና። የሰው ልጅ ማግኔትን ካወቀ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለዚህ ጥያቄ የሚረባ መልስ ያገኘው ግን ከመቶ ዓመት ወዲህ ነው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም ብል ይታገሡኝ።

መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። በዕለት ተዕለት አማርኛችን ኃይል፣ ጉልበትና አቅም እርስ በርሳቸው እየተዋዋሱ ነው የሚኖሩት። «ጉልበቱ አለቀ» እንላለን፣ «ኃይሉ ደከመ» እንላለን፤ ሁለቱም አንድ ይመስሉናል። ግራ መጋባቱ ግማሽ ያህሉ ከዚህ የሚመነጭ ይመስለኛል። እዚህ ላይ ኃይል ስል መሳብን ወይም መግፋትን ማለቴ ነው። ኢነርጂ ስል ደግሞ እንደ ገንዘብ የሚቆጠረውን፣ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚገባውን፣ ሒሳቡ ሁልጊዜ የሚወራረደውን ነገር ነው። ኃይል ኢነርጂ የሚያስወጣው የተሳበው ወይም የተገፋው ነገር ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ምንም ካልተንቀሳቀሰ፣ ኃይሉ የቱንም ያህል ቢበረታ ወጪው ዜሮ ነው። ጠረጴዛ መጽሐፍ ተሸክሞ ሃምሳ ዓመት ሲቆም «ምን በልቶ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። ግድግዳ ላይ የተመታ ሚስማር ካፖርት አንጠልጥሎ ሲያድር የሚገረምም የለም። የማግኔቷ ነገር የሚያስገርመን በመካከሉ የሚታይ ገመድ ወይም ሙጫ ስለሌለ ብቻ ነው።

«የእኔ እጅ ግን ይደክማል» ይሉኛል። ትክክል ነው፤ የሚያሳስተንም እጃችን ነው። ጡንቻ እንደ ተቆለፈ ማጠፊያ ጸጥ ብሎ መቆም አይችልም። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የፕሮቲን ክሮች አንዱ አንዱን እየያዘ፣ እየለቀቀ፣ እንደገና እየያዘ ነው ክንድዎን ቀጥ አድርገው የሚያቆዩት። በእያንዳንዱ መያዝና መልቀቅ ነዳጅ ይቃጠላል፣ ሙቀትም ይወጣል። ክንድዎ ከውጭ ሲታይ ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ሥራ የበዛበት ፋብሪካ ነው። ድካሙ ወረቀቱን የመያዝ ዋጋ አይደለም። በጡንቻ የመያዝ ዋጋ ነው።

አንድ ነገር በመንገዳችን ላይ ላንሳ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ወረቀቱን ወደ ላይ ይዞ እንዳይወድቅ የሚያደርገው የማግኔቷ መሳብ በቀጥታ አይደለም። የእሷ መሳብ አግድም ነው፤ ወደ በሩ ቆርቆሮ ነው የምትጫነው። ወደ ታች መንሸራተትን የሚከለክለው ሰበቃ ነው። በሩ በዘይት ቢቀባ መሳቧ እምብዛም ሳይቀንስ ወረቀቱ ተንሸራቶ ሲወርድ ያዩ ነበር።

አሁን ማግኔቷን ከበሩ ነቅለው በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ላይ ያዟትና ይልቀቋት። ዘልላ «ጠቅ» ትላለች። እዚህ ጋ በእርግጥ ኢነርጂ ወጥቷል፤ ድምፁና በተጋጨበት ቦታ የተፈጠረችው ኢምንት ሙቀት ምስክር ናቸው። የተከፈለው በማግኔቷና በቆርቆሮው መካከል ባለው መግነጢሳዊ መስክ፣ ማለትም መሳቧ በሚደርስበት ቦታ ውስጥ ከተከማቸው ነው። ለሁለተኛ ጊዜ «ጠቅ» እንድትል ግን መጀመሪያ መንቀል አለብዎት፤ ለመንቀልም በመዝለሏ ያገኘችውን ያህል፣ እንዲያውም ትንሽ አብልጠው ይከፍላሉ። ድንጋይ ከጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ኢነርጂ ይሰጣል፤ መልሶ የሚያነሳው ግን እርስዎ ነዎት። ማግኔትም ከዚህ የተለየ ውል የለውም።

መጠኑንም በቁጥር ማየት ደግ ነው፤ ብዙ ቅዠት የሚበተነው በቁጥር ነውና። ቴስላ የመግነጢሳዊ መስክ ብርታት መለኪያ ነው። በአንድ ቴስላ መስክ፣ ማለትም በብርቱ ዘመናዊ ማግኔት ገጽ አካባቢ በሚገኝ መጠን፣ ማግኔትና ብረት ገጥመው ሲቆሙ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 40 ኒውተን ያህል ይሳሳባሉ። ይህ የ4 ኪሎ ግራም ክብደት ነው፤ ከጥፍር ብዙም ለማይበልጥ ስፋት ከባድ ነው። በዚያው መስክ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ክፍተት ውስጥ የተከማቸው ኢነርጂ ግን 0.4 ጁል ብቻ ነው። 40 ግራም የምትመዝን ነገር አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ ትበቃለች፣ በቃ። አንድ ተራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ወደ 10 ሺህ ጁል ይይዛል። ማግኔት ኃይሉ ትልቅ፣ ሀብቱ ትንሽ የሆነ ነገር ነው። የኃይሉን ታላቅነት አይቶ ሀብታም ነው ብሎ መገመት የተለመደ ስሕተት ነው።

ስሕተቱ ደግሞ ዕድሜ ጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1269 ፔትሩስ ፔሬግሪኑስ የተባለ ፈረንሳዊ ምሁር ስለ ማግኔት ድንጋይ አንድ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። ሰውየው በዋዛ የሚታይ አልነበረም። የማግኔትን ሁለት ዋልታዎች ለይቶ አሳየ፤ ተመሳሳይ ዋልታዎች እንደሚገፋፉ፣ ተቃራኒዎቹ እንደሚሳሳቡ ጻፈ፤ ማግኔት ለሁለት ሲሰበር ሁለቱም ስባሪዎች ሙሉ ማግኔት ሆነው እንደሚቀሩም አስተዋለ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በዚያው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ በማግኔት እየተሳበ ለዘላለም የሚሽከረከር ጥርሳም ጎማ ነድፎ አቀረበ። እንዲህ ያለ አእምሮ ከተሳሳተ የእርስዎ ጥያቄ ምንም የሚያሳፍር አይደለም ማለት ነው። ጎማው የማይሠራው ከላይ ባልኩት ምክንያት ነው። ጥርሱ ወደ ማግኔቱ ሲቀርብ የተሰጠውን፣ ሲርቅ ይነጠቃል። ዙሩ ሲዘጋ ሒሳቡ ዜሮ ይመጣል፤ ከዚያ ላይ ሰበቃ ድርሻውን ይወስዳል፣ ጎማውም ይቆማል። ማግኔቶቹን የቱንም ያህል አጣምሞ ቢደረድሩ፣ ቁጥራቸውን ቢያበዙ፣ በብረት ቢከልሉ ውጤቱ አይለወጥም። በየጊዜው በተንቀሳቃሽ ምስል የሚታዩት «በማግኔት ብቻ የሚሠሩ ሞተሮች» ሁሉ የፔትሩስ ጎማ የልጅ ልጆች ናቸው፤ የሚሽከረከር ካዩ የተደበቀ ባትሪ ወይም የአየር ንፊያ ይፈልጉ።

«በኃይል ማመንጫዎች ውስጥ ማግኔት የለም ወይ?» አለ፤ ግን ከፋዩ እሱ አይደለም። ማይክል ፋራዳይ በ1831 እንዳሳየው፣ ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል፤ ዝም ብሎ ሲቆም ምንም የለም። የፈሰሰው ኤሌክትሪክ ደግሞ የራሱን መግነጢሳዊ መስክ ፈጥሮ የማግኔቱን እንቅስቃሴ ይቃወማል። በእጅ የሚሽከረከር ትንሽ ማመንጫ አግኝተው ቢሞክሩት ነገሩ በእጅዎ ይገባዎታል። አምፖሉ ሳይገናኝ እጀታው በቀላሉ ይዞራል፤ አምፖሉ ሲገናኝ ወዲያው ይከብዳል፣ በማር ውስጥ የሚያማስሉ ያህል። ያ ክብደት የአምፖሉ ብርሃን ዋጋ ነው፤ የሚከፍለውም ክንድዎ ነው። በግድብ ላይ ውሃው ይከፍላል፣ በንፋስ ማመንጫ ንፋሱ። ማግኔቱ በመካከል የቆመ ደላላ ነው፤ ያውም ምንም የማይወስድ።

ብርቱ ማግኔትና አንድ ሜትር የመዳብ ቱቦ ካለዎት ደግሞ ሌላ ይሞክሩ። መዳብ በማግኔት አይሳብም፤ ቢያስጠጉት ምንም የለም። ማግኔቷን በቱቦው ውስጥ ሲጥሏት ግን ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መውደቅ የነበረባት፣ ብዙ ሰከንዶች ወስዳ ዝግ ብላ ትወርዳለች። ከላይ ሆነው ሲያዩዋት የቱቦውን ግድግዳ ሳትነካ፣ ላባ መስላ ስትሰጥም ይታያል። ስታልፍ በቱቦው ግድግዳ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽክርክሪት እየቀሰቀሰች ነው፤ ከውድቀቷ ያጣችው ፍጥነት መዳቡን ጥቂት አሙቆት ቀርቷል። ለዚህ ሙከራ ስንት ጊዜ እንደ ተደነቅሁ መቁጠር አልችልም፤ ምክንያቱን ማወቄም ደስታዬን አልቀነሰውም።

የኢነርጂው ነገር በዚህ ይብቃን። ከባዱ የቀረው ነው፤ መሳቡ ራሱ ከየት መጣ?

ፔትሩስ ያስተዋለው የስብራት ነገር ጥሩ ፍንጭ ነው። ማግኔትን ሰብረው፣ ስባሪውን ሰብረው፣ ቢቀጥሉ ሁልጊዜ ሁለት ዋልታ ያለው ሙሉ ማግኔት ነው የሚያገኙት። እንግዲህ ማግኔትነት በቁራጩ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ነገር ሳይሆን በእያንዳንዷ ቅንጣት ውስጥ ያለ መሆን አለበት። ቀጣዩ ፍንጭ በ1820 ከዴንማርክ መጣ። ሃንስ ክሪስቲያን ኧርስትድ ኤሌክትሪክ የሚፈስበት ሽቦ አጠገብ ያለች የኮምፓስ መርፌ ስትዞር አየ። ወዲያው ፈረንሳዊው አንድሬ ማሪ አምፔር ነገሩን ገለበጠና፣ ማግኔትነት ሁሉ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው፤ በብረት ማግኔት ቅንጣቶች ውስጥም የማይቆሙ ጥቃቅን ፍሰቶች ይዞራሉ አለ። አተም ምን እንደሚመስል በማይታወቅበት ዘመን ይህ ድንቅ ግምት ነበር፤ ግማሹም ትክክል ሆኖ ተገኝቷል።

ግማሹ ብቻ የሆነበት ምክንያት ግን ይገርማል። ኒልስ ቦር በ1911 በዶክትሬት ጽሑፉ፣ ሄንድሪካ ቫን ሌውን ደግሞ በ1919 በራሷ ስሌት አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አረጋገጡ። ከኒውተን ዘመን ጀምሮ በምናውቀው የእንቅስቃሴ ሕግ ብቻ ብንሄድ፣ ሙቀቱ በተረጋጋ ማንኛውም ቁስ ውስጥ ማግኔትነት ድምሩ ሁልጊዜ ዜሮ ነው። ትንሽ ማለት አይደለም፤ ዜሮ ነው። በዚያ ፊዚክስ የእርስዎ ማግኔት ልትኖር አትችልም። ማግኔትን የሚያስረዳው ኳንተም ሜካኒክስ፣ ማለትም የአተሞችና የኤሌክትሮኖች ዓለም ሕግ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ኳንተም ሜካኒክስን ዐይቼ አላውቅም» ቢለኝ የማቀዝቀዣውን በር አሳየዋለሁ።

ከላይ ያለው ክልከላ የሚታለፈው በኤሌክትሮን ባሕርይ ነው። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን በራሱ ጥቃቅን ማግኔት ነው። ይህን ባሕርይ ስፒን ይሉታል፤ ስሙ ሽክርክሪትን ያስታውሳል፣ ነገር ግን ኤሌክትሮን እንደ ኳስ ይሽከረከራል ብለው አይሳሉት። በ1925 ጆርጅ ኡህለንቤክና ሳሙኤል ጋውድስሚት ሐሳቡን ያቀረቡት አተሞች የሚያወጡት ብርሃን በቀለም ሲከፈል የሚታዩትን መስመሮች ለማስረዳት ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን ብረቱ ራሱ ጠቁሞ ነበር። አልበርት አንስታይንና ቫንደር ደ ሃስ በ1915 የብረት ዘንግ በቀጭን ክር አንጠልጥለው ማግኔትነቱን በሽቦ ጥቅል ሲገለብጡት ዘንጉ በራሱ ጠመም ብሎ ዞረ፤ ማግኔትነትና የመዞር ባሕርይ የተቆራኙ መሆናቸው በዐይን ታየ። ኋላ የተደረጉ ጥንቁቅ ልኬቶችም፣ ማግኔትነቱ ኤሌክትሮኖች በአተሙ ዙሪያ ከመዞራቸው ቢመጣ ኖሮ ከሚጠበቀው የዞረው በግማሽ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳዩ። በብረት ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው የዙሪያ ጉዞው ሳይሆን ስፒኑ ነው።

ለጥያቄዎ ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ አለ። ስፒን የተሰጠ እንጂ የተቀሰቀሰ አይደለም። ቀስቅሶ ያስነሳው የለም፣ ሰበቃ አያቆመውም፣ እያደር አይደክምም። ኤሌክትሮን ክብደቱና የኤሌክትሪክ ቻርጁ እንደማይቀንሱ ሁሉ ማግኔትነቱም አይቀንስም። በማግኔቷ ውስጥ ያለው የመጨረሻው ምንጭ ሊያልቅ የማይችለው ለዚህ ነው።

«እንግዲያው ኤሌክትሮን የሌለው ነገር የለምና ሁሉም ነገር ማግኔት መሆን ነበረበት» ማለትዎ አይቀርም። በአብዛኛው ቁስ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ዞረው ይኖራሉ፤ ተጣፍተዋል። በብቸኛ የብረት አተም ውስጥ ግን አራት ኤሌክትሮኖች ጥንድ ሳያገኙ ይቀራሉ። ይህም ብቻውን አይበቃም። ጥንድ የሌላቸው ኤሌክትሮኖች ያሏቸው ቁሶች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን እያንዳንዱ አተም ወደ ፈለገው ዞሮ ድምሩ ይጠፋል። በብረት፣ በኮባልትና በኒኬል ውስጥ ጎረቤታሞች ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ያሰለፋቸው ምንድን ነው?

አንድ ማግኔት ሌላውን ስለሚስብ ነው የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል፤ ትክክል ግን አይደለም። በሁለት ጎረቤታም አተሞች መካከል ያለው መግነጢሳዊ መሳሳብ እጅግ ደካማ ነው። ሙቀት የሚያመጣውን መናወጥ ሊቋቋም የሚችለው ከፍጹም ዜሮ (ሊኖር ከሚችለው የመጨረሻው ቅዝቃዜ) አንድ ዲግሪ ያህል ከፍ እስኪል ድረስ ብቻ ነው። ብረት ግን ማግኔትነቱን እስከ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከፍጹም ዜሮ ሲቆጠር እስከ 1043 ዲግሪ ይዞ ይዘልቃል። ሺህ እጥፍ ልዩነት! ፒየር ቫይስ በ1907 ይህን ለማስታረቅ በብረት ውስጥ አንድ ስሙ ያልታወቀ ብርቱ መስክ አለ ብሎ አሰበ፤ መጠኑ ሲሰላ ወደ ሺህ ቴስላ ይጠጋል። በሆስፒታል ያሉት የማግኔት ምስል ማንሻዎች ብዙውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ናቸው። እንዲህ ያለ መስክ በቁራጭ ብረት ውስጥ ከየት ይመጣል? ለሃያ ዓመት ያህል ማንም አልመለሰውም።

መልሱን በ1928 ያገኘው ቨርነር ሃይዘንበርግ ነው፤ መስኩም መግነጢሳዊ አልነበረም፣ የተሸሸገ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በኳንተም ሕግ ስፒናቸው በአንድ አቅጣጫ የሆኑ ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ቦታ ላይ ሊገናኙ አይችሉም፤ የግድ ይራራቃሉ። ኤሌክትሮኖች ደግሞ ተመሳሳይ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ ሲራራቁ ከዚህ ግፊያ ጥቂት እፎይታ ያገኛሉ። ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ መሰለፍ የኤሌክትሪክ ኢነርጂ ያስቆጥባል። መሰለፉ በሌላ በኩል ዋጋ አለው፤ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ፈጣን እንቅስቃሴ ይገፋቸዋል። በአብዛኞቹ ብረታ ብረቶች ዋጋው ከቁጠባው ይበልጣል፤ በብረት፣ በኮባልትና በኒኬል ቁጠባው ያሸንፋል። መዳብና አሉሚኒየም የማይሳቡት ክፍያው ስለማያዋጣቸው ነው ማለት ይቻላል። የማግኔቷን አተሞች ያሰለፋቸው እንግዲህ የማግኔት ኃይል ሳይሆን የኤሌክትሪክ ኃይልና የኳንተም ክልከላ ጥምር ነው። ከማስተምረው ሁሉ ይህን ያህል የማይጠበቅ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ብልህ አንባቢ «የተራ ሚስማር አተሞችም ከተሰለፉ ሚስማሩ ለምን ማግኔት አይሆንም?» ይላል። ሚስማሩ ውስጡ በብዙ ሰፈሮች የተከፋፈለ ነው። በእያንዳንዱ ሰፈር ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ተሰልፏል፤ ሰፈሮቹ ግን የተለያየ አቅጣጫ ስላላቸው ከውጭ ሲታይ ይጠፋፋሉ። ማግኔት ሲቀርብ የሚስማማው ሰፈር ድንበሩን እየገፋ ይሰፋል፣ ሚስማሩም ይሳባል። ድንበሩ ለስላሳ ጉዞ የለውም፤ በእንከን ላይ ይያዛል፣ ከዚያ ዘልሎ ያልፋል። ሃይንሪሽ ባርክሃውዘን በ1919 በብረት ዙሪያ ሽቦ ጠምጥሞ ከድምፅ ማጉያ ጋር ሲያገናኘው ይህን ዝላይ በጆሮው ሰማው፤ ማግኔት ሲያስጠጉ አሸዋ በቆርቆሮ ላይ ሲፈስ የመሰለ ንሽዋሽዋታ ይሰማል። ቋሚ ማግኔት ማለት እነዚህ ድንበሮች በቀላሉ እንዳይነቃነቁ ሆኖ የተሠራ ቁስ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጃፓንና በአሜሪካ የተገኘው የኒዮዲሚየም፣ የብረትና የቦሮን ድብልቅ በዚህ ረገድ እጅግ ግትር ነው። የማቀዝቀዣ በር ላይ የምትለጠፈው ለስላሳ ማግኔት በአብዛኛው የፌራይት (ከብረት ኦክሳይድ የሚሠራ ሸክላ መሰል ቁስ) ዱቄት ከጎማ ወይም ከፕላስቲክ ጋር ተለውሶ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ሁለት ካለዎት ጥቁር ጀርባቸውን አግጥመው ያንሸራትቱ። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ ይሄዳል፤ በሌላው ግን እንደ መጋዝ ጥርስ ተከ ተከ እያለ ይዘልላል። የሰሜንና የደቡብ ዋልታ በጥቂት ሚሊሜትር ስፋት እየተፈራረቁ እንደ መስመር ታትመውበታልና ጣትዎ መስመሮቹን እየቆጠረ ነው።

ስለዚህ በማግኔቷ ላይ አንድ ጊዜ የተከፈለ ነገር አለ ማለት ነው። በፋብሪካ ስትሠራ በሽቦ ጥቅል ውስጥ ተከታ ብርቱ የኤሌክትሪክ ፍሰት ተለቅቆባት ሰፈሮቿ በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈዋል። ከዚያ ወዲህ የሚጠበቅባት መቆየት ብቻ ነው። መቆየቷም ፍጹም አይደለም። ሰፈሮቹ ቢበታተኑ ይቀላቸው ነበር፤ የያዛቸው የድንበሩ ግትርነት ነው። ሙቀት፣ ተቃራኒ መስክ፣ ዝገት፣ በድሮዎቹ የብረት ማግኔቶች ላይ ደግሞ የመዶሻ ምት ይፈቱታል። ተራው የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካሞቁት የማይመለስ ክፍል ያጣል። ካልነኩት ግን ትዕግሥቱ ከእኛ ዕድሜ ጋር አይነጻጸርም። በውቅያኖስ ወለል ላይ ከስንጥቅ ወጥቶ የሚቀዘቅዝ የቀለጠ ዓለት፣ በውስጡ ያለው ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን ከ580 ዲግሪ በታች ሲወርድ የዚያን ዘመን የምድር መግነጢሳዊ መስክ አቅጣጫ ይይዛል። የምድር መስክ ከ25 እስከ 65 ማይክሮቴስላ ብቻ ነው፤ ከማቀዝቀዣ ማግኔት መስክ ብዙ እጥፍ ያነሰ። ያም ሆኖ ድንጋዩ ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በኋላ እንኳ የያዘውን አልለቀቀም። ፍሬድ ቫይንና ድራመንድ ማቲውስ በ1963 የውቅያኖስ ወለል እየሰፋ መሆኑን ያስረዱት፣ የምድር መስክ በየዘመኑ ሲገለባበጥ በስንጥቁ ግራና ቀኝ በድንጋዩ ላይ የጻፈውን መስመር አንብበው ነው። የእርስዎ ዐሥር ዓመት ከዚህ አንጻር ገና ጠዋት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ላይ አንድ ሙከራ ልጨምር፤ «ማግኔት ለዘላለም ሲሠራ» የሚመስል ነገር ለማየት ይህን ያህል የቀረበ የለም። ቁራጭ የኒኬል ሽቦ በቀጭን የመዳብ ሽቦ አንጠልጥለው፣ ብርቱ ማግኔት በአንድ ጎን ያስቀምጡ። ኒኬሉ ወደ ማግኔቱ ዘንበል ብሎ ይቆማል፤ እንዳይነካው ግን መዳቡን በመጠኑ ያሳጥሩት። አሁን ኒኬሉ በቆመበት ቦታ ሥር ሻማ ያብሩ። ማግኔቱን ከነበልባሉ ያርቁት፤ እሱ ራሱ ከሞቀ ነገሩ ይበላሻል። ኒኬሉ 350 ዲግሪን ጥቂት ሲያልፍ የሙቀቱ መናወጥ የአተሞቹን ሰልፍ ያፈርሰዋል፤ ማግኔቱ አጠገቡ እያለ ሽቦው እንደማንኛውም ቁራጭ መዳብ ይለቅና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። ከነበልባሉ ሲርቅ ይቀዘቅዛል፣ ሰልፉ ይመለሳል፣ ማግኔቱም እንደገና ወደ ነበልባሉ ይስበዋል። ይሞቃል፣ ይለቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይመለሳል። ማንም ሳይነካው እንዲህ ሲመላለስ ያመሻል።

የሚሠራ ሞተር ነው፤ የሙቀት ሞተር። ሰሙ እየቀለጠ፣ ሻማው እያጠረ ይሄዳል። ሲያልቅም ኒኬሉ ለመጨረሻ ጊዜ ይቀዘቅዝና ወደ ማግኔቱ ዘንበል ብሎ ይቆማል፤ ማንም እስኪነካው ድረስም እንደዚያው ይቆያል።